ጀንፈል ያለበት ቤት

ያልተቆላ ቡና የቡና ሽታ የለውም። ያደግሁበት የአጋሮ ቤት ዓመቱን ሙሉ ቡና አይታጣበትም ነበር፤ ሽታው ግን የደረቀ ፍሬ ሽታ ነው፤ ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል፣ ከጭስና ከአፈር ጋር የተዋሐደ። ቡና ቡና የሚሸተው ሲቆላ ብቻ ነው፤ የሚቆላው ደግሞ ሊጠጣ ሲል ብቻ። ዛሬ በአዲስ አበባ መንገዶች ሳልፍ ከየቡና መሸጫው የሚወጣው መዓዛ ደስ ይለኛል፤ ግን ቡናው የያዘውን ሁሉ ለአየር እየለቀቀ እንደሆነም አስባለሁ። አያቴ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችም። ቡናን ግን ከመከር እስከ መከር፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ሳይበላሽ ታቆይ ነበር። ስለ ቡና የማውቀውን ዋናውን ነገር ያወቅሁት ከጎታዋ ነው።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ጥቅምት ሲገባ የሰው ወሬ ሁሉ አንድ ይሆናል፤ የማን ቡና ቀላ፣ የማን ገና ነው፣ ለቃሚ ከየት ይገኛል። አያቴ ከጓሮዋና ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው መሬቷ የሚለቀመውን እሸት ሁለት ቦታ ትከፍለው ነበር። ከፊሉ በዚያው ሰሞን ለነጋዴ ይሸጣል። የቀረው ሳይፈለፈል፣ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ ተጨማዶ የሚወጣው እሱ ጀንፈል ነው፤ ለቤት የሚቀመጠውም እሱ ነበር።

ማድረቁ ሦስት ሳምንት፣ ደመና ከበዛም አራት ሳምንት ይፈጃል። ከመሬት ከፍ ተደርጎ በተረበረበ የእንጨት አልጋ ላይ ሰሌን ይነጠፋል፤ እሸቱ ሳይደራረብ ይበተንበታል። የእኛ የልጆቹ ሥራ ማገላበጥና ዶሮ ማባረር ነበር። ማታ ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል፤ ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ይገለጣል። ዝናብ ድንገት የመጣ ቀን የቤቱ ሰው በሙሉ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ግማሽ የደረቀ ቡና ዳግም ከራሰ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታ የያዘውን ቡና ደግሞ ቢያጥቡትም ቢቆሉትም የእርጥብ አፈር ሽታው አይለቀውም።

መድረቁን የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። እፍኝ ጀንፈል አንስታ ጆሮዋ ሥር ታንቀጫቅጨዋለች። ፍሬው ከልጣጩ ተላቅቆ ውስጡ ካልተንኮሻኮሸ «ገና ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ከተንኮሻኮሸ አንዱን ፈልፍላ በጥርሷ ትነክሰዋለች። ጥርሷ ከገባ እርጥበት አለው፤ እንደማይደፈር ሆኖ ከጠነከረባት ደርቋል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ሲሠራ አየሁ። ባለሙያው ለክምችት የሚፈለገው የፍሬው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ሲያልፍ ሻጋታ ይነሣል፤ አንዳንዱ ሻጋታም ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ ይተዋል። ከልክ በላይ ሲደርቅ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል፣ ጣዕሙም ይሳሳል። እሱ ቁጥሩን ሲያሳየኝ እኔ የማየው የአያቴን እጅ ነበር።

ጎታው በጓዳው ጥግ ነበር የቆመው። ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተቦክቶ የተሠራ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ። ከሥሩ ድንጋዮች ተደርድረው ከመሬቱ ከፍ አድርገውታል፤ ከግድግዳውም ስንዝር ያህል ይርቃል። የጅማ ክረምት ከባድ ነው፤ ወለሉም ግድግዳውም እርጥበት ይጠጣል። ጎታው መሬት ቢነካ ወይም ግድግዳ ቢደገፍ ያ እርጥበት ወደ ቡናው ይገባል። አፉ በክዳን ተገጥሞ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ሰኔ ከገባ በኋላ አያቴ ጎታውን ለመክፈት ብሩህ ቀን ትጠብቅ ነበር፤ ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ግን ማንም ሰው ክዳኑን እንዲነካ አትፈቅድም። መስከረም ሲጠባና ሰማዩ ሲጠራ የተረፈው ጀንፈል ወጥቶ እንደገና ፀሐይ ይመታል፤ ጎታውም ተጠርጎ በጢስ ይታጠናል። ነቀዝ የሚገባው እርጥበት ያገኘ ቡና ላይ ነው ትል ነበር። ልክም ነበረች፤ የቡና ነቀዝ ለስላሳውንና እርጥቡን ፍሬ ይወዳል፤ በደንብ በደረቀው ላይ አይበረታም።

ከጎታው አጠገብ በርበሬ አይቀመጥም። ሳሙና አይቀመጥም። ላምባማ ወደ ጓዳው አይገባም፤ የፋኖሱ ላምባ የሚሞላው በረንዳ ላይ ነበር። ቡና ያጠገቡን ሽታ ይስባል። አንድ ጊዜ አያቴን ተከትዬ ቡና የተጠራችበት ቤት ሄድኩ። ቡናው ሲወቀጥ ደህና ነበር፤ ስኒው አፍንጫዬ ሲደርስ ግን ላምባ ላምባ አለኝ። አያቴ አቦሉንም ቶናውንም ጠጣች፤ በረካውንም አላስቀረችም፤ መርቃም ተነሣች። መንገድ ላይ «እትዬ፣ ላምባ ይሸት ነበር እኮ» ብላት «አዎ ልጄ፣ ሱቁ ውስጥ ከላምባ በርሜል ጋር አድሮ ነው። ቡናው ምን አጠፋ? ያስቀመጠው ሰው ነው» አለችኝ። ያቺን ቃል አልረሳኋትም።

ከጎታው የሚወጣው ቡና በአንድ ጊዜ ብዙ አልነበረም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሳምንቱ የሚበቃው ያህል ጀንፈል ይወርዳል፤ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። የተፈለፈለው ጥሬ ቡና ክዳን ባለው ቅል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ደግሞ በየቀኑ ለአንድ ማፍያ የሚሆነው ብቻ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ይወጣል። እኔ እንደ ልጅነቴ ሁሉንም አንድ ላይ ፈልፍሎ፣ አንድ ላይ ቆልቶ ማስቀመጥ ድካም ይቀንሳል ብዬ ስጠይቃት፣ ልጣጩ ልብሱ ነው፣ ልብሱን ገፈን ብርድ ላይ አናሳድረውም አለችኝ። በዚህ መንገድ ጀንፈሉ ዓመቱን ይቆያል፤ ጥሬው ሳምንቱን ይቆያል፤ የተቆላው ከሰዓቱ አያልፍም።

ይህ ሥርዓት በሳይንስ ሲመዘንም ይቆማል። ጥሬ ቡና በልጣጩ ውስጥ ሲሆን ብርሃን፣ አየርና የእርጥበት መለዋወጥ በቀላሉ አይደርሱበትም። ከተፈለፈለ በኋላም በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ለወራት፣ በደንብ ከተያዘም ዓመት ያህል ደህና ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ አረንጓዴው ቀለሙ እየነጣ፣ ጣዕሙ ወደ እንጨትና ወደ ገለባ እየሄደ ይመጣል። ሲቆላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍሬው ውስጥ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጣት ይጀምራል፤ መዓዛውንም ይዞ ይወጣል፤ በምትኩ ኦክስጅን ገብቶ ቅባቱን ያበላሻል። የተቆላ ቡና ጥሩ ጣዕሙ የሚቆየው ለሳምንታት ነው። ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ደግሞ አየር የሚነካው ገጽ እጅግ ስለሚበዛ መዓዛው በቀናት፣ አንዳንዱም በደቂቃዎች ይሄዳል። አንድ ቤት ብዙ ዱቄት ቡና ሲያከማች የሚያቆየው ቀለሙን ብቻ ነው።

አዲስ የደረቀ ቡናም ወዲያው አይጠጣም ነበር። አያቴ ገና ቅጠል ቅጠል ይላል ብላ ጥቂት ወር ታሳርፈዋለች፤ የኅዳሩን ቡና የምንቀምሰው ወደ የካቲት ግድም ነው። እስከዚያ የሚጠጣው ያለፈው ዓመት ነው። ስለዚህ ጎታው ፈጽሞ ባዶ አይሆንም፤ አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ ይደርስበታል።

የቡና አገር ገበሬ ጀንፈል የሚያስቀምጠው ለስኒው ብቻ አይደለም። ጀንፈል የገበሬው ቁጠባ ነው። በመከር ወራት እሸት በገበያው ሲሞላ ዋጋው ይወርዳል፤ መታገሥ የቻለ ግን አድርቆ ያስቀምጥና ግብር ሲመጣ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰው ሲታመም በፈረሱላ እያወጣ ይሸጣል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የእኔ ደብተርና ጫማም ከዚያ ጎታ የወጣ ነው። አያቴ ግን አንድ ወሰን ነበራት፤ ከጎታው ወገብ በታች ያለው አይሸጥም። እሱ የሰው ነው። ጎረቤት ሲወልድ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ እንግዳ ሳይታሰብ ሲመጣ የሚወጣው ከዚያ ነው። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ከእንባው ቀጥሎ የሚያገኘው ቡና ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። ያ ቡና ከየጎረቤቱ ጎታ የሚዋጣ እንጂ ከገበያ የሚገዛ አልነበረም።

የዚያን ወሰን ዋጋ ያየሁት በክፉ ጊዜ ነው። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገባ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም በየቡና አገሩ ተዳረሰ። አረንጓዴው ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ ይጠቁራል፣ ይሟሽሻል፣ ይረግፋል። ወደ እኛ በደረሰ ጊዜ ገበሬው ዛፉን እያየ ዝም ይል ነበር። በዚያ ዓመት ከብዙ ቤት የሚሸጥ ቡና ጠፋ። የሚጠጣ ግን አልጠፋም። በየጓዳው ከወገብ በታች የተረፈው ጀንፈል ነበር። አያቴ ጎታዋን ከፍታ ለጎደለባቸው ጎረቤቶች በጣሳ ስትሰፍር አስታውሳለሁ፤ ለብድር ብላ አልሰፈረችም፣ ማንንም መልሱልኝ አላለችም። እነሱም በሚቀጥለው መከር ሳይጠየቁ ይዘው መጡ።

ከዚያ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አክስቴ ቤት መጣሁ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ብራዚል ውስጥ የወረደው ውርጭ የቡና ማሳዎቿን ክፉኛ ስለመታ በ1969 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ ጣራ ነክቶ ነበር። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ፈላጊ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪያችን ደግሞ ቡና ነበር። ከቡና አገር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ኬላ ላይ እየወረደ ይፈተሽ ነበር፤ ጥቂት ኪሎ ቡና ይዞ መገኘት ያስወርስ ነበር። ቡና አብቃይ በሆነች አገር ዋና ከተማ ቡና ብርቅ ሆነ። ከአጋሮ የሚላክልን ቡና በበርበሬ ከረጢት መሐል ተደብቆ ይደርስ ነበር። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያራራቀቻቸው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ከረጢት ገቡ። አክስቴ ቡናውን አበጥራና አጥባ ብትቆላውም ጉሮሮ ይከረክር ነበር፤ እኛም እያስነጠስን በደስታ ጠጣነው።

አክስቴ ያቺን ቡና በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጋ፣ ጣሳውን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጣት ነበር። ገብስ ቆልታ እየቀላቀለች ታበዛታለች። ግን አንድ ቀን እንኳ ብቻዋን ስትጠጣ አላየኋትም። ከጎረቤቶቿ ጋር ተራ ገብተው ዛሬ ከአንዷ ቤት፣ ነገ ከሌላዋ ቤት ይጠጡ ነበር። እያንዳንዷ ቤቷ ያለው ቡና ትንሽ ነው፤ ተራው ግን ሳምንቱን ያዳርሰዋል። ከአያቴ ጎታ ጋር ሳስተያየው የአክስቴ ጣሳ እጅግ ትንሽ ነበረች፤ ሕጋቸው ግን አንድ ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቡና ለሚመጣው ሰው የተቀመጠ ነው።

ታናሽ እኅቴ አሜሪካ ከገባች በኋላ ይኸው ትምህርት ባሕር ተሻገረ። እናቴ መጀመሪያ የላከችላት ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ነበር፤ እንዳይደክማት ብላ። እኅቴ ቆጥባ ቆጥባ ለወራት ጠጣችውና በስልክ «እማዬ፣ የቤታችን ቡና ጣዕሙ ጠፍቶብኛል» አለች። እናቴ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ከዚያ ወዲህ የምትልከው ጥሬ ብቻ ሆነ። በሻንጣ ውስጥ በልብስ መሐል ተጠቅልሎ ይሄዳል። እኅቴ መስኮቱን ከፍታ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህባት በፎጣ እያራገበች ትቆላዋለች። አንድ ጊዜ የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼዋለሁ ስትላት እናቴ «ከምን ጋር?» አለቻት። «ከሥጋው ጋር።» «በይ አሁኑኑ አውጪው!» እናቴ ላምባን ከጓዳ ያራቀችው የአያቴ ልጅ ናትና ሌላ መልስ አልነበራትም። ማቀዝቀዝ በራሱ ቡና አይጎዳም። አየር በማያስገባ ዕቃ በትንሽ በትንሹ ተከፍሎ ከታሸገ እንዲያውም ያቆየዋል። የሚጎዳው ክዳኑ ላልቶ የሌላ ምግብ ሽታ ሲገባበት፣ ወይም ቀዝቃዛው ዕቃ ሳይሞቅ ሲከፈትና ፍሬው ላይ ጤዛ ሲቋጥር ነው።

ማስቀመጥ ግን ሁሉንም አያቆይም። ከአጋሮ ብዙም የማይርቅ ጮጬ የሚባል ቦታ አለ። የጅማ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘበት ነው ብለው የሚኮሩበት አገር ነው። እዚያ የአገራችን የቡና ዝርያዎች የሚጠበቁበት የመስክ ዘረ መል ባንክ አለ። የስንዴና የጤፍ ዘር ደርቆ፣ ቀዝቅዞ፣ በመደርደሪያ ላይ ለዘመናት ይጠበቃል። ለመተከል የሚፈለገው የቡና ዘር ግን ይህን አይችልም፤ ለሌሎች ዘሮች የሚስማማው ድርቀትና ቅዝቃዜ የመብቀል ኃይሉን ይገድለዋል፤ በተራ አያያዝም ከጥቂት ወራት በኋላ አይበቅልም። ስለዚህ ዝርያዎቹ የሚጠበቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ሆነው፣ መሬት ላይ ቆመው፣ ሰው እየኮተኮታቸው ነው። ይህን ሳውቅ የአያቴ ጎታ ወሰን እንዳለው ተረዳሁ። የሚጠጣውን ቡና ጎታ ያቆየዋል፤ ቡናን ራሱን የሚያቆየው ግን ዛፉን የሚንከባከበው ሰው ነው።

ዛሬ ያ ጎታ የለም። በብዙ ቤት ጀንፈል በማዳበሪያ ከረጢት ነው የሚቀመጠው፤ መፈልፈያውም ወፍጮ ቤት ነው። ከተማ ያለው ሰው ደግሞ ጀንፈል ምን እንደሚመስል ሳያይ ያረጃል። ዋጋውም ከብዷል። የካቲት 2017 ዓ.ም. ላይ አረቢካ ቡና በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ከ1969ኙ ጣራ አልፎ ነበር፤ የእኛም የሰፈር ሱቅ ይህን አልሳተውም። ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ የምንጠጣ ሕዝብ ነንና ዋጋው ሲወጣ የሚሰማው በየቤቱ ነው። እናቶች በማንኪያ የሚለካ ዱቄት በላስቲክ ይገዛሉ። ከዛሬ የማይተርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ሌላ ምን ያድርግ? የምቆረቆረው አቅም እያለን ዱቄቱን በኪሎ ገዝተን፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከበርበሬና ከሳሙና ጋር ለወራት አስቀምጠን፣ ቡና እንደ ድሮው አይጣፍጥም ለምንለው ነው። ቡናው ድሮም ዘንድሮም ያው ነው፤ አያያዙን ነው የተውነው።

አያቴ ብትኖር ለእናንተ የምትለው ብዙ አይደለም። ጥሬ ግዙ። ስትገዙ አንድ ሁለቱን ነክሶ ማየት ነውር የለውም። ክዳኑ በሚገጥም ንጹሕ ዕቃ፣ ብርሃንና ሙቀት በማይደርስበት፣ ከምድጃው በራቀ ቦታ አስቀምጡት። በርበሬ፣ ቅመም፣ ሳሙናና ላምባ አታስጠጉበት። ክረምት ላይ ዝናብ እየጣለ አትክፈቱት፤ መስከረም ሲጠባ ዓይታችሁ ፀሐይ አስመቱት። አሮጌውን ሳትጨርሱ አዲሱን አትጀምሩ። ለዛሬ የሚበቃውን ብቻ ቁሉ። ከያዛችሁት ላይ ደግሞ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የማይነካ የሰው ድርሻ አስቀሩ፤ ለቅሶ የደረሰበት ጎረቤት በሩን ሲከፍት ባዶ እጃችሁን እንዳትገቡ።